ከአቅም በላይ ማስያዝ (ሆቴል)

ከአቅም በላይ ማስያዝ (በተለምዶ ኦቨርቡኪንግ) ማለት አንድ ሆቴል ለአንድ ሌሊት ካሉት ክፍሎች ቁጥር በላይ ለሆኑ እንግዶች ቦታ እንደተያዘላቸው ማረጋገጫ መስጠት ነው። ሆቴሉ ይህን የሚያደርገው ካስያዙት ሰዎች የተወሰኑት እንደሚሰርዙ ወይም ሳይናገሩ እንደሚቀሩ በመገመት ነው። ግምቱ ከሠራ ክፍሎቹ ሁሉ ይሞላሉ። ካልሠራ ግን ቃል የተገባለት እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ከመቀበያው ፊት ይቆማል።

ከአቅም በላይ ማስያዝ ከድርብ ማስያዝ ይለያል። ድርብ ማስያዝ አንዱ ሠራተኛ የያዘውን ክፍል ሌላው ሳያውቅ ለሁለተኛ ሰው ሲሰጠው የሚፈጠር ስሕተት ነው። ከአቅም በላይ ማስያዝ ግን ታስቦበት የሚደረግ ውሳኔ ነው። በር ላይ ለቆመው እንግዳ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ሥርዓት ባለው መዝገብ ይጠፋል፣ ሁለተኛው የሚስተካከለው በቁጥር ነው።

ለምን ይደረጋል

መርካቶ ውስጥ ዛሬ ያልተሸጠ ጣቃ ጨርቅ ነገ ይሸጣል። ዛሬ ማታ ያልተያዘ አልጋ ግን ነገ ሊሸጥ አይችልም፤ የነገው አልጋ ሌላ ዕቃ ነው። የሆቴል ወጪ ደግሞ (ኪራዩ፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ የባንክ ዕዳው) ክፍሉ ቢያዝም ባይያዝም ያው ነው። ስለዚህ ከመቶ ተመዝጋቢ አሥሩ እንደሚቀር የሚያውቅ ባለሆቴል መቶ ሰው ብቻ ቢመዘግብ በየሌሊቱ አሥር ባዶ ክፍል እያስቀመጠ፣ በዚያው ሰዓት ሌላ ደንበኛ «አልጋ ሞልቷል» ብሎ ሊመልስ ነው።

መነሻው ከአየር መንገድ

አሠራሩ በስፋት የታወቀው ከሆቴል በፊት በአየር መንገዶች ነው። ማርቲን ቤክማን የተባለው ኢኮኖሚስት ስንት ትርፍ ትኬት መቀበል እንደሚያዋጣ የሚያሰላ የሒሳብ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ። በ1960ዎቹ የአሜሪካን አየር መንገድና አይ.ቢ.ኤም. የሠሩት ሴበር የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲመጣ፣ በካርድ ይያዝ የነበረው ምዝገባ ወዲያው ሊቆጠር የሚችል ዳታ ሆነ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰው ራልፍ ኔደር በተባለው የሸማቾች መብት ተሟጋች ምክንያት ነው። ኔደር እ.ኤ.አ. በ1972 በእጁ የተረጋገጠ ቦታ እያለው ከአሌጌኒ አየር መንገድ በረራ ቀረ። አየር መንገዱ ትርፍ መመዝገቡን ለተሳፋሪው ባለመንገሩ ሊከሰስ እንደሚችል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ወሰነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጁልያን ሳይመን የተባለ ኢኮኖሚስት በ1968 ቀላል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ቦታ ሲጠፋ አንድን ሰው በግድ ከማስቀረት ይልቅ «በስንት ብር ትቀራላችሁ?» ብሎ ፈቃደኛ መፈለግ። ብዙዎች ስቀውበት የነበረው ይህ ሐሳብ ከአሥር ዓመት በኋላ የአሜሪካ ደንብ ሆነ። በሆቴል ግን እስከ ዛሬ ብዙም አልተለመደም፤ ምክንያቱም የአውሮፕላን ተሳፋሪዎች በአንድ በር ላይ አብረው ሲጠብቁ የሆቴል እንግዶች በየሰዓቱ አንድ በአንድ ይመጣሉ። የመጨረሻው ሲደርስ የቀደሙት ተኝተዋል።

ስሌቱ

አርባ ክፍል ያለው አንድ ሆቴል እንውሰድ። እያንዳንዱ አስያዥ የመቅረት ዕድሉ 10 በመቶ ነው፣ አንዱ መቅረቱም ከሌላው ጋር አይገናኝም እንበል። ሆቴሉ 41 ሰው ቢመዘግብ ክፍል የሚያጣ እንግዳ የመኖሩ ዕድል 1.3 በመቶ ብቻ ነው (ሁሉም 41 መምጣት አለባቸው)። 42 ቢመዘግብ 6.8 በመቶ፣ 43 ቢመዘግብ 18 በመቶ፣ 44 ቢመዘግብ ደግሞ 35 በመቶ ይሆናል። በአማካይ ከ44 ሰው የሚመጣው ከ40 በታች ነው። ሆኖም በየሦስት ሌሊቱ አንድ ጊዜ ያህል ሰው ደጅ ይቀራል። በአማካይ ብቻ የሚያስብ ባለሆቴል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የት ማቆም እንደሚገባ የሚወስነው ዕድሉ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ስሕተቶች ዋጋ ነው። ክፍሉ 600 ብር ይከራያል፣ ደጅ የቀረን እንግዳ ሌላ ቦታ ማሳደርና ማካካስ 1,800 ብር ያስወጣል እንበል (ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው)። አንድ ተጨማሪ ሰው መመዝገብ የሚያዋጣው ያ ሰው ቢመጣ ክፍል የማጣት ዕድሉ ከአራት አንድ፣ ማለትም ከ25 በመቶ፣ በታች እስከሆነ ድረስ ነው። ለ43ኛው ሰው ይህ ዕድል 19.5 በመቶ፣ ለ44ኛው 36.5 በመቶ ነው። ስለዚህ ሆቴሉ 43 ላይ ያቆማል። እንግዳን መመለስ የሚያስከትለው ኪሳራ የክፍሉን ዋጋ ዘጠኝ እጥፍ ከሆነ ደግሞ ማቆሚያው 42 ነው። ኪሳራው ውስጥ የታክሲና የሌላ ሆቴል ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ዳግመኛ የማይመለሰው ደንበኛም ይቆጠራል፤ ለመተመን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ መጠርጠር ያለበት ግን «የአንዱ መቅረት ከሌላው ጋር አይገናኝም» የሚለው ግምት ነው። በአንድ አውቶቡስ የሚመጡ አሥር ነጋዴዎች አውቶቡሱ መንገድ ላይ ከተበላሸ አሥሩም ይቀራሉ፤ በሰላም ከገባ አሥሩም ይመጣሉ። የመቅረት መጠኑ ያው 10 በመቶ ቢሆንም ከላይ ያሉት ቁጥሮች ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት አይሠሩም።

በመርካቶ

መርካቶ አሁን ባለበት ቦታ የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ዋናው ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ስሙ ጣሊያንኛ እንደሆነው ሁሉ፣ ርካሽ ማደሪያን ለመጥራት የሚያገለግለው «አልቤርጎ» የሚለው ቃልም ከዚያው ቋንቋ የተወሰደ ነው። የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች መናኸሪያ የሆነው አውቶቡስ ተራም በዚሁ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ስለሚገኝ፣ በዙሪያው ያሉት ፔንሲዮኖችና አነስተኛ ሆቴሎች ዋና ደንበኛቸው ዕቃ ሊያወርድ ወይም ሊጭን የመጣ ነጋዴና በማለዳ የሚሳፈር መንገደኛ ነው።

እዚህ አካባቢ አብዛኛው ሰው አልጋ የሚይዘው በአካል መጥቶ ነው። በስልክ የሚያስይዘው የቆየ ደንበኛ ነው፤ «ዛሬ ማታ እገባለሁ፣ አንድ አልጋ ያዝልኝ» ይላል። ይህ ቃል ካርድም ፊርማም የለበትም። መንገደኛው ደሴ ወይም ጅማ ላይ ሥራ ይዞት ቢቀር ደውሎ የመሰረዝ ልማዱ አነስተኛ ነው። የመቀበያው ሠራተኛ ታዲያ አመሻሹ ላይ ይቸገራል፤ በሩ ላይ ገንዘቡን በእጁ ይዞ የቆመ ሰው አለ፣ በስልክ ደግሞ የተያዘ አንድ አልጋ አለ። አልጋውን ለቆመው ሰጥቶ ደንበኛው ሲመጣ ወደ ጎረቤት ፔንሲዮን መውሰድ የተለመደ መውጫ ነው። ስም አይሰጠው እንጂ ይህም ከአቅም በላይ ማስያዝ ነው፤ ማደሪያዎቹ ተጠጋግተው ስለሚገኙ በአዘቦት ቀን ኪሳራው ትንሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዐውደ ዓመት በፊት ባሉት ቀናት ነው። ያን ጊዜ ጎረቤቱም የሚሞላው በዚያው ማታ ስለሆነ፣ መላኪያ ቦታ የሚጠፋው በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ነው።

አነስተኛ ማደሪያዎች ዳታ የላቸውም የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የእንግዳ መዝገብ አላቸው፤ የእንግዳው ስም፣ የመታወቂያው ቁጥር፣ የገባበት ቀንና የክፍሉ ቁጥር በየማታው ይጻፍበታል። የሚጎድለው የመጡት ሳይሆን ያልመጡት ነው። ደውሎ አስይዞ የቀረ ሰው መዝገቡ ላይ የለም። አልጋ ሞልቷል ተብሎ የተመለሰም የለም። ስለዚህ ከመዝገቡ ብቻ የሚሰላ ፍላጎት መቼም ከክፍሎቹ ቁጥር አያልፍም፤ ሃያ ክፍል ያለው ፔንሲዮን በበዓል ዋዜማ ስድሳ ሰው ቢመልስም መዝገቡ የሚያሳየው ሃያ ነው። ስታቲስቲክስ የተማሩ አንባቢዎች የተቆረጠ ዳታ የሚሉት ይህን ነው። ችግሩን ለማቃለል ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ባለመስመር ደብተር ወይም የኤክሴል ገጽ ላይ የተደወለበት ቀን፣ የሚመጣበት ቀን፣ ቀብድ መክፈሉና አለመክፈሉ፣ መምጣቱና መቅረቱ፣ እንዲሁም በዚያ ማታ ስንት ሰው እንደተመለሰ ቢጻፍ በአንድ ዓመት ውስጥ ከላይ የታየውን ስሌት ለመጀመር የሚበቃ ነገር ይገኛል።

ቀብድና ሕጉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሆቴል ውል የተለየ ምዕራፍ አለው። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ስለ ቀብድ የሚናገረው ክፍል (ከቁጥር 1883 እስከ 1885) ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊተው ይችላል፤ ቀብድ ተቀባዩም ሊተው ይችላል፣ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ማንኛውም ቅድሚያ ክፍያ ቀብድ ነው ማለት ግን አይደለም፤ የሚወስነው በመካከላቸው ያለው ስምምነት ነው።

ድንጋጌው የተጻፈው ስለ ሆቴል ብቻ ታስቦ ባይሆንም፣ ከአቅም በላይ የመመዝገብን ዋጋ ለሁለቱም ወገን አስቀድሞ ይተምናል። ለ600 ብር ክፍል 300 ብር ቀብድ የከፈለ ሰው ቢቀር ሆቴሉ ግማሹ በእጁ ነው። ያንኑ ክፍል ለሌላ ቢያከራይ 900 ብር ያገኛል፤ ፈተናውም ይኸው ነው። ሁለቱም ከመጡ ግን ለተመለሰው እንግዳ 600 ብር መልሶ ከራሱ ኪስ 300 ብር ያጣል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ደግሞ ቀብድ የከፈለ ሰው የመቅረት ዕድሉ ማነሱ ነው።

ቀብድ ቀድሞ የሚሰጠው በእጅ ስለነበር ከሩቅ ለሚመጣ ሰው አይመችም ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ከተስፋፋ በኋላ ይህ ተለውጧል፤ ነጋዴው ገና ከመነሻው ከተማ መላክ ይችላል። ክፍያው ሰዓቱንና ቀኑን የያዘ መልእክት ትቶ ስለሚያልፍ፣ ስለ መዝገብ ያላሰበ ባለሆቴል እንኳ ሳያውቀው ዳታ ይሰበስባል።

በትልልቅ ሆቴሎች

የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ችግር ሌላ መልክ አለው። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በየዓመቱ በጥር ወይም በየካቲት ሲካሄድ የልዑካን ቡድኖች ክፍሎችን በጅምላ ያስይዛሉ። የቡድኑ ትክክለኛ ቁጥር የሚታወቀው ግን ጉባኤው ሲቃረብ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በከተማዋ የተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤም ተመሳሳይ ጫና የሚፈጥር ነበር። በእንዲህ ዓይነት ሳምንት ከተማው በሙሉ ስለሚሞላ ሆቴሎች ትርፍ ከመመዝገብ ይልቅ ሙሉ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ይመርጣሉ። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ንብረት የሆነው ስካይላይት ሆቴል (በ2011 ዓ.ም. በ373 ክፍሎች ተከፍቶ ኋላ 1,024 የደረሰ) ዓይነቱ የአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴል፣ አንድ በረራ ሲዘገይ ሳያስይዙ በአንድ ጊዜ የሚመጡ ብዙ እንግዶችን ማሰብ አለበት። የአውቶቡሱ ምሳሌ እዚህም ይሠራል፤ መጠኑ ብቻ ነው የጨመረው።

ከዳታ የሚገኘውና የማይገኘው

በዚህ ዘርፍ ተማሪዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት ዳታ ኑኖ አንቶኒዮ፣ አና ዴ አልሜይዳ እና ሉዊስ ኑኔስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ነው። በፖርቱጋል ካሉ ሁለት ሆቴሎች፣ አንዱ በአልጋርቬ መዝናኛ ሌላው በሊዝበን ከተማ፣ የተሰበሰበ 119,390 ምዝገባ ይዟል። የእንግዶቹ ማንነት የተሰወረ ሲሆን የመምጫ ቀናቸው ከሐምሌ 2015 እስከ ነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ነው። በመዝናኛው 28 በመቶ፣ በከተማው 42 በመቶ ያህል ምዝገባ ተሰርዟል። ከተሰረዙት 44,224 ውስጥ ሳይናገሩ የቀሩት 1,207 ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው ቀድሞ ሰርዟል። ቀድሞ የተሰረዘ ክፍል እንደገና ይሸጣልና ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለመርካቶ ፔንሲዮን ከማንኛውም ሞዴል በፊት የሚጠቅመው ምናልባት አንድ ቀን ቀደም ብሎ «ትመጣለህ ወይ?» ብሎ መደወል ነው።

ይኸው ዳታ ወጥመዶችም አሉበት። የእንግዳው አገር በትክክል የሚመዘገበው ሆቴሉ ሲደርስ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ታይቶ ነው። ከመምጣቱ በፊት የሰረዘ ሰው ግን ብዙ ጊዜ «ፖርቱጋል» እንደተባለ ይቀራል። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ፖርቱጋላውያን አብዝተው ይሰርዛሉ የሚል ሞዴል ይሠራል፤ ሞዴሉ በፈተና ዳታው ላይ ጥሩ ውጤት ያሳያል፣ እውነተኛ ሆቴል ላይ ግን ይወድቃል። እንደዚሁም «ተመላሽ የሌለው ክፍያ» የሚል ምልክት ያላቸው ምዝገባዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተሰርዘዋል፤ ከተለመደው አስተሳሰብ ፍጹም ተቃራኒ ነው። የሊዝበንን ልማድ የተማረ ሞዴል አውቶቡስ ተራ ላይ ቢተከል ቀብድ የከፈለውን ነጋዴ ቀሪ ነው ብሎ ሊገምት ይችላል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ትክክለኛነትን በመቶኛ ብቻ መለካት ነው። የመቅረት መጠኑ 10 በመቶ በሆነበት ሆቴል «ሁሉም ይመጣሉ» የሚል ሞዴል 90 በመቶ ትክክል ነው፣ ለባለሆቴሉ ግን ምንም አይነግረውም። ባለሆቴሉ ማን እንደሚቀር በስም ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው የዛሬ ማታ ቀሪዎች ስንት እንደሚሆኑና ግምቱ ምን ያህል ሊዛባ እንደሚችል ነው።

ሰዓት፣ ቀን እና ስም

በኢትዮጵያ የምዝገባ ዳታ በውጭ አገር መጽሐፍ የማይገኙ ችግሮች አሉት። «ሐሙስ ለዓርብ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እደርሳለሁ» ያለ እንግዳ በሶፍትዌሩ አቆጣጠር ዓርብ ነው የሚመጣው፤ አልጋው ግን መያዝ ያለበት ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ነው። ሠራተኛው ዓርብ ብሎ ካስገባ የሐሙስ ሌሊቱ ክፍል ለሌላ ይሸጣል። ማንም ትርፍ ሳይመዘግብ እንግዳው በውድቅት ሌሊት ክፍል ያጣል። «3 ሰዓት» ሲባልም ማታ ይሁን ጠዋት፣ በእኛ ይሁን በፈረንጅ መጠየቅ ይኖርበታል።

ዓመትን ከዓመት ማወዳደርም ቀላል አይደለም። ጥምቀት በአብዛኛው በጃንዋሪ 19 ይውላል፣ በ2016 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ስለነበር በ20 ዋለ። ፋሲካ በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ ረመዳንና ዒዶች ደግሞ በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀድመው ይመጣሉ። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በሚገኙበት መርካቶ ሁሉም ዓይነት በዓል ገበያውን ስለሚያንቀሳቅስ፣ «ያለፈው ዓመት በዚህ ቀን» የሚል ንጽጽር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። «ከፋሲካ አሥር ቀን በፊት» የሚል ዓምድ መጨመር ይሻላል።

ስምም እንደዚሁ ነው። ሶፍትዌሮቹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ የኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው። «ፀጋዬ» እና «ጸጋዬ»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» በኮምፒውተር ዘንድ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉማ አራትና አምስት ይሆናሉ። አንዱ ደንበኛ በስልክ በአንድ አጻጻፍ፣ በአካል ሲመጣ በመታወቂያው አጻጻፍ ሲመዘገብ፣ ዳታው አንድ የቀረና አንድ ሳያስይዝ የመጣ ሰው እንደነበር ያሳያል። እንዲህ የተጋነነ የመቅረት መጠን ሆቴሉን ከሚገባው በላይ እንዲመዘግብ ያደርገዋል። ሞኝሼ ሆሄያትን ወደ አንድ መልክ ማምጣትና በስልክ ቁጥር ማመሳከር ብዙውን ያስተካክለዋል።

በኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚሠራ መዝገብም የራሱ አደጋ አለው። ኢንተርኔት ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ በድረ ገጽ የሚመጣ ምዝገባም መሰረዝም ሊታይ አይችልም ነበር። የወረቀት መዝገቡን ሙሉ በሙሉ ያልጣሉ ሆቴሎች ለእንዲህ ያለ ጊዜ መጠባበቂያ አላቸው።

ክፍል የሚያጣው ማን ነው

ክፍሉ ሲጠፋ ማን እንደሚመለስ ብዙ ጊዜ የሚወስነው የመድረሻ ሰዓት ነው፤ የመጨረሻው ያጣል። ከዚያ ውጭ ሆቴሎች ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያድረውንና ቋሚ ደንበኛ ያልሆነውን መመለስ ይቀናቸዋል። በመርካቶ ሁኔታ ሁለቱም መመዘኛዎች የሚያርፉት ከሩቅ የመጣ፣ አውቶቡሱ የዘገየበትና ከተማውን በማያውቅ መንገደኛ ላይ ነው፤ ሌሊት ሌላ አልጋ ፍለጋ መንከራተት ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በደንብ ቁጥር 261/2004 ከበረራ ለሚቀር ተሳፋሪ የካሳ መጠን ወስኗል፤ ለሆቴል እንግዳ ግን እንዲህ ያለ ወጥ ተመን የለም። በዓለም አቀፍ ሆቴሎች የተለመደው አሠራር የተመለሰውን እንግዳ ተመጣጣኝ በሆነ ሌላ ሆቴል የመጀመሪያውን ሌሊት ማሳደር፣ ማጓጓዣውን መክፈልና በማግስቱ ክፍል ሲለቀቅ መልሶ መውሰድ ነው። አነስተኛ ፔንሲዮን ይህን ሁሉ ባይችልም ቢያንስ ሠራተኛው እንግዳውን ከመላኩ በፊት ለጎረቤት ደውሎ አልጋ መኖሩን ሊያረጋግጥ፣ ሻንጣውንም ይዞ እስከ በሩ ሊያደርሰው ይችላል።